አሸዋው ላይ የቀረው ወንድሜ

የመጨረሻው ደህና ቀን ሐሙስ ነበር። ያን ቀን ምንም የተለየ ነገር አልተፈጠረም። አብልጬ የማስታውሰው ግን እሱን ቀን ነው።

ከሰፈራ መንደራችን ተነስቼ ዳቡስ ወንዝ ዳር ስደርስ ረፍዷል። ታላቅ ወንድሜ ይመር ውሃው ዝግ በሚልበት ቦታ በጀርባው ተንሳፍፎ ተኝቷል። ዓይኖቹን ጨፍኗል። ጆሮዎቹ ውሃ ውስጥ ስለነበሩ ብጠራው አልሰማኝም። ቆሜ ጠበቅኩት። እዚያ ልማዱ እንዲህ ነው፤ የጠራኸው ሰው ካልሰማህ ትጠብቀዋለህ።

ራሱን ሲያነሳ አየኝ።

«ተማሪው! እግርህን ነክረሃል?»

«አልነከርኩም።»

«ታዲያ ገና አልመጣህማ!»

ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩ። ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ የሚኖሩት ሰዎች ከሩቅ የመጣን ሰው እግሩን ውሃ ውስጥ ሳይነክር «ከየት መጣህ? ምን ፈለግህ?» አይሉትም። ከነከረም በኋላ ወዲያው አይጠይቁትም። ራሱ መናገር እስኪጀምር ዝም ይሉታል። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይናገር የቆየ ሰው አይቻለሁ። ዓሣ ሰጡት፣ ጥላ አሳዩት፣ በቃ።

እኔ ግን ያን ቀን የመጣሁት ለመናገር ነበር። የእናታችንን መልእክት ይዤ ነበር።

«እማ ምን አለች?» አለኝ አጠገቤ ቁጭ ብሎ።

«በዚህ ጁምዓ ካልመጣ ልጅ የለኝም በለው ብላለች።»

ይመር መልስ ከመስጠቱ በፊት ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ነበረው። እፍኝ አሸዋ ይዘግንና በጣቶቹ መካከል ቀስ አድርጎ ያፈስሰዋል። አሸዋው አልቆ መዳፉ ባዶ እስኪሆን አይናገርም። ይህን ሲያይ የሚናደድ ሰው ብዙ ነበር። ያን ቀን እኔም ተናደድኩ።

«አያ ይመር፣ መልስልኝ እንጂ!»

«እንዲህ ብላ ነው ያለችው?»

«ወላሂ እንዲህ ነው ያለችው። ከጁምዓ ሶላት በፊት ደጄ ላይ ቆሞ ልየው ብላለች። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልክ እኮ ዓመት ሊሞላህ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።

«እመጣለሁ» አለ። «ነገ ጠዋት እነሳለሁ። ንገራት።»

የተጠበሰ አምባዛ በላን። ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። አሶሳ ከተማ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ገና ሳምንቴ ነበር። «እንግሊዝኛው እንዴት ነው?» አለኝ። «ከባድ ነው» አልኩት። «ቀስ በልለት፤ ማን አባረረን?» አለኝ። እሱን ብሎ ሸኘኝ። ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይኸው ነው። ያኔ የመጨረሻው መሆኑን ስላላወቅኩ ዞሬ እንኳን አላየሁትም።

ስለ ወንድሜ ለመጻፍ ስለ አሸዋው መጻፍ አለብኝ። አንዱን ከሌላው መለየት አልችልም።

እኛ ከወሎ ነን። በድርቁ አባታችን መጠለያ ውስጥ ሞተ። እናታችን፣ ይመርና እኔ ለሰፈራ በመኪና ተጭነን አሶሳ መጣን። ያሰፈሩን መንደር ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ጠዋት ጠዋት እንጨት ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል። ሲመታ ተነስተህ ትሰለፋለህ። ትቆጠራለህ። ወደ ማሳ ትሄዳለህ። እንደገና ሲመታ ትመለሳለህ። ጎጆዎቹ በገመድ ተለክተው በመስመር የተሠሩ ናቸው። ውሃ ልትቀዳ የሄደች ሴት የራሷን ቤት አጥታ ጎረቤት ቤት የምትገባበት ጊዜ ነበር።

ከመንደራችን የሦስት ሰዓት መንገድ ወርደህ ዳቡስ በሚታጠፍበት ቦታ ደግሞ አሸዋው አለ። በጋ ውሃው ሲሸሽ ሰፊ ነጭ አሸዋ ትቶ ይሄዳል። እዚያ ላይ ከሃያ የማይበልጡ የሸምበቆ ጎጆዎች አሉ። የበርታ ሰዎች ናቸው። ወንዶቹ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ሴቶቹ በእንጨት ገበታ አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ይፈልጋሉ። አጥር የለም፤ በርም የለም። የጎጆዎቹ ፊት አንዱ ወደ ውሃ፣ አንዱ ወደ ዛፍ፣ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጀርባ ነው። ከቀትር በኋላ ሁሉም ሰው ከአንዲቱ የሁመር ዛፍ ሥር ይገባል። የሁመሩን ፍሬ በውሃ ዘፍዝፈው ይጠጣሉ፤ ይተኛሉ፤ ነቅተው ያቋረጡትን ወሬ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ክረምት ሲመጣ ወንዙ ሰፈሩን ስለሚወስደው ጎጆውን ነቅለው ዳገቱ ላይ ያቆሙታል። በጋ ሲመለስ እንደገና ይወርዳሉ፤ ማንም ባለፈው ዓመት የነበረበትን ቦታ አይፈልግም። ሃቦባ አምና የምንላት አሮጊት ነበረች። ሃቦባ ማለት በእነሱ አያት ማለት ነው። ውሃው ገብቶ መደቧን ካልነካ ከአሸዋው አትነሳም።

«ሃቦባ፣ ውሃው እኮ ደረሰ!» ሲሏት «ሹወያ፣ ሹወያ። እኔ ቀድሞ መጣሁ፣ እሱ ኋላ መጣ» ትላለች። ሹወያ ቀስ ማለት ነው። እዚያ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትሰማው ቃል እሱ ነው።

ይመር አሸዋው ላይ የደረሰው በመጀመሪያው ዓመት ነው። የጎጆ ክዳን ሳር ሊያጭዱ ከተላኩት አንዱ ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ወባ ጣለው። ጓደኞቹ ሊያሳውቁ ተመለሱ። የአሸዋው ሰዎች ልብሱን አውልቀው ውሃው ጫፍ ላይ፣ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ፣ እስከ ደረቱ ቀበሩት። ትኩሳቱን ለማውረድ ነው። ሲነቃ ራሱን ተቀብሮ አገኘው።

«ሞቻለሁ አልኩ» ብሎኛል። «ከዚያ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው። ሙት አጠገብ ማን ይስቃል? ወይ አልሞትኩም፣ ወይ መሞት ደግ ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ከአሸዋው ሰዎች መካከል ሐሚድ የሚባል የእሱ እኩያ ዓሣ አጥማጅ መዋኘት አስተማረው። የወሎ ደገኛ፣ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ በስድስት ወር ውስጥ ከእነሱ እኩል ሆነ። እንዲያውም ሐሚድ «ይመር ውሃ ውስጥ ይተኛል፣ እኛ ግን እንዋኛለን» ይል ነበር።

አንድ ቀን የመንደራችን ሊቀመንበር ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ይመርን ሊያመጣው ወረደ። እኔን መንገድ ምራ ብሎ ወሰደኝ። ቀትር ላይ ደረስን። ይመር እንደ ልማዱ ውሃ ውስጥ ነበር።

«አንተ! ውጣ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እንኳን ደህና መጡ። መጀመሪያ እግርዎን ይንከሩ።»

«እግር ልነክር አይደለም የመጣሁት!»

«ካልነከሩ እዚህ ማንም አያናግርዎትም። እኔ ምን ላድርግ?»

እውነቱን ነበር። ሊቀመንበሩ ሰዎቹን አንድ በአንድ «ይህ ሰው ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ፈገግ ብለው እግሩን አዩት። በመጨረሻ ቦቲውን አወለቀ። እግሩ ተልጦ ደምቷል። ሃቦባ አምና ያለ ምንም ንግግር ቁጭ አለችና የሰሊጥ ዘይት ቀባችው። ዓሣ ቀረበለት፤ በላ። የሁመሩ ጥላ ሥር ለአፍታ ጋደም አለ። ሲነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ታጣቂዎቹ ጠመንጃቸውን ዛፉ ላይ አስደግፈው፣ ልብሳቸውን ጠመንጃው ላይ ሰቅለው፣ ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። ሊቀመንበሩ ግን አያቸውና ፊቱን መለሰ።

«አሁን ስለ አንተ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ ለይመር።

ይመር አሸዋውን ዘግኖ አፈሰሰው።

«ሳር ያጭዳል ብለው ይጻፉ።»

አሸዋው ላይ አንዲት ዘለላ ሳር የለችም። ሊቀመንበሩ ዙሪያውን አየ። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ማንም ወንድሜን ፈልጎ አልወረደም። ይመር መንደር ቢመጣ ግን ተቆጥሮ ማሳ መግባቱ አይቀርም ነበር። እናታችን ዘንድ ሳይመጣ የቆየው አንድም በዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መሻገር የሚፈልጉት ሰዎች ናቸው።

ከዳቡስ ማዶ ወለጋ ነው። ከሰፈራው ጠፍቶ ወደ ሀገሩ የሚመለስ ሰው ድልድዩ ላይ ኬላ ስላለ በአሸዋው በኩል ይመጣል። ዋና የሚያውቅ የለም። ሁላችንም ከደጋ ነን። በመጀመሪያው ክረምት ከመንደራችን ሦስት ሰዎች ውሃው በላቸው። አንዷ የእናቴ ባልንጀራ ነበረች። እናቴ «ያን ውሃ በዓይኔ አላይም» ያለችው ያኔ ነው። ልጇ እዚያው እየኖረ ቃሏን አላጠፈችም።

የሚሞቱበት ምክንያት እኛኑ የሚመስል ነው። ጋቢያችንን አንጥልም። ጥቅላችንን ጀርባችን ላይ አስረን እንገባለን። ደግሞ ወንዝ የምንገባው ሰማይ አይተን ነው፤ ጥርት ካለ እንገባለን። ዳቡስ ግን እኛ ጋ ባልዘነበ ዝናብ ይሞላል። ከላይ ሩቅ ሀገር የዘነበው ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ የአሸዋው ሰዎች ከመሻገራቸው በፊት ውሃው ጫፍ ላይ አንድ ሸምበቆ ይተክላሉ። ከዚያ ይቀመጣሉ። ዓሣ ተጠብሶ ተበልቶ እስኪያልቅ ያህል ይቆያሉ። ውሃው ሸምበቆውን ካላለፈ ይገባሉ። ካለፈው ሌላ ሸምበቆ ይተክሉና እንደገና ይቀመጣሉ። አንዳንዴ እስከ ማታ ሲተክሉ ይውላሉ። የሚሮጥ ሰው ይህን መጠበቅ አይችልም። ይመር ሥራዬ ብሎ የያዘው ይህንኑ ነበር፤ የሚሮጡትን ማስቀመጥ።

አንድ የመንደራችን ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጥቅላቸውን አስረው ሲደርሱ እዚያው ነበርኩ።

«አባባ፣ ጋቢውን ይስጡኝ፤ እኔ በራሴ ላይ አድርጌ ደረቁን አሻግረዋለሁ።»

«ከገላዬ አይለይም!»

«ውሃ ሲጠጣ እኮ በሬ ያክላል። በሬ ተሸክመው ሊዋኙ ነው?»

ሽማግሌው በግድ ሰጡት። ሸምበቆው ተተክሎ ሲጠበቅ፣ ይመር ጥልቀት በሌለው ቦታ አስገብቶ በጀርባቸው አስተኛቸው። ራሳቸውን በመዳፉ ይዟል። እሳቸው እንደ ግንድ ደርቀዋል።

«ይተኙበት፣ አባባ። ማን አባረረን?»

«አባረውኝ ነው እንጂ! ታጣቂ ከኋላዬ አለ!»

«እሱ ገና እግሩን አልነከረም።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሲስቁ ሰውነታቸው ላላ። ይመር ቀስ ብሎ መዳፉን አነሳ፤ እሳቸው ግን ውሃው ላይ ቀሩ። እጁን እንዳነሳ አላወቁም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ትልቅ ቅል ደረታቸው ሥር አድርጎ፣ ጋቢያቸውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ አጠገባቸው እየዋኘ ወሰዳቸው።

ስንት ሰው እንዳሻገረ አላውቅም። እሱም አይቆጥርም። መቆጠር የሰለቸው ሰው ነበር።

«አንተስ ለምን አትሻገርም?» ብዬው አውቃለሁ። «ወደ ሀገርህ አትሄድም?»

«እኔ እኮ በቀን ሁለት ሦስቴ እሻገራለሁ» አለኝ። «ማዶም ያው አሸዋ ነው።»

ጁምዓ ዕለት እናቴ ያለቻትን አንድ ዶሮ አሳረደች። ደጁን ጠረገች። በሩ ላይ ቁጭ ብላ መንገዱን ታያለች። ቀትር ሆነ። ሰው ከሶላት ተመለሰ።

«እመጣለሁ ነው ያለህ ወይስ ልሞክር?» አለችኝ።

«እመጣለሁ ነው ያለው እማ።»

ከዚያ አንድ ሰው በመንገዱ ሲሮጥ አየሁ። ሐሚድ ነበር። የአሸዋው ሰው ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

«ይመር ውሃ ወሰደው» አለ ሐሚድ። «አገኘነው። ና።»

እናቴን ጎረቤቶቿ ያዟት። «ያን ውሃ አላይም! አላይም!» ትል ነበር። ትቻት ከሐሚድ ጋር ወረድኩ።

ነገሩን መንገድ ላይ ነገረኝ። ጠዋት በጣም በማለዳ አንድ ባልና ሚስት ትንሽ ልጃቸውን ይዘው አሸዋው ላይ ደርሰዋል። ሐሚድ መረቡን ሊያይ ወርዶ ስለነበር ይመር ብቻውን ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ይመር ሸምበቆውን ተክሏል። አልተቀመጠም ግን። ሃቦባ አምና «ቁጭ በል» ብላዋለች። «ዛሬ እናቴ ትጠብቀኛለች፤ እነሱን አድርሼ ልሂድ» ብሏታል። ሚስቲቱንና ልጅቱን ማዶ አደረሰ። ባልየውን ሊወስድ ሲመለስ፣ ወንዙ መካከል ላይ፣ ደፍርሶ ግንድ የተሸከመ ውሃ መጣበት። ግንዱ መታው።

«ይመር ቸኮለ» አለ ሐሚድ። እየሄደ ደጋግሞ አለው። «ይመር አይቸኩልም ነበር። ለምን ቸኮለ?»

ለምን እንደቸኮለ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሁመሩ በላይ፣ ውሃ የማይደርስበት ዳገት ላይ ቀበርነው። የአሸዋው ሰው ሁሉ ነበር። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ውሃው ወረድኩ። ባልየው ከትናንት ጀምሮ ከተቀመጠበት አልተነሳም፤ እህልም አልቀመሰም። ማዶ ሚስቱና ልጁ ይታያሉ። ሴትየዋ ቆማለች። ትጣራለች፤ ድምፅዋ ግን በውሃው ጩኸት አይሰማም። ወንዙ ትንሽ ጎድሏል፤ አሁንም ግን ደፍርሷል። ሐሚድ ሸምበቆ ተክሎ ተቀምጧል።

ሰውየው ድንገት ብድግ አለ። ጥቅሉን ጀርባው ላይ አሰረ። እስከ ጉልበቱ ገባ። ሮጬ ወገቡን ያዝኩት።

«ልቀቀኝ! ልጄ ማዶ ናት!»

«ተቀመጥ።»

«አንተ ምን አለብህ? ልቀቀኝ!»

አሸዋው ላይ ተያይዘን ወደቅን። ከእኔ ይጠነክራል፤ ያመልጠኝ ነበር። እንደወደቀ ግን ድንገት መታገሉን ተወ። የሚያየው ከኋላዬ ነበር። ዞርኩ። እናቴ ቆማለች። አንዲት ጎረቤታችን ክንዷን ይዛታለች። ሦስቱን ሰዓት በእግሯ መጥታለች። መጀመሪያ ውሃውን አየችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ልጄ ሊያሻግር የነበረው አንተን ነው?» አለችው።

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «አዎ እማማ።»

«ያቻት ያሻገራት ልጅህ ናት?»

«አዎ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት።»

«እማ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስቸኮልኩት። መልእክቱን ባልነግረው...»

«የላክሁህ እኔ ነኝ» አለች።

ወደ ውሃው ሁለት እርምጃ ሄደች። ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ማዶ ወዳለችው ሴት ጮኸች። እናቴ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

«አይዞሽ! ይመጣል! ቁጭ በይ!»

ሴትየዋ የሰማች አይመስለኝም። እናቴ እጇን ወደ ታች ዝቅ እያደረገች ስታሳያት ግን ገባት መሰለኝ፣ ልጅቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እናቴም ተቀመጠች። ሰውየው አሁንም ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። ጥቅሉን ከጀርባው ፈታሁበት፤ እንዳይወስደው አሸዋው ላይ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩበት። ሐሚድ ሁለት ጊዜ ሸምበቆ ቀየረ። ሰውየው «አሁንስ?» ባለኝ ቁጥር «ገና ነው» እያልኩ፣ ቀትር ላይ ሐሚድ ሊያሻግረው ተነስቶ እጁን እስኪዘረጋለት ድረስ ከጥቅሉ ላይ አልተነሳሁም።